«ኢትዮጵያ» የምትባል መርከብ ነበረችን

ሰው ረግጦት የማያውቀውን አገር ሊናፍቅ ይችላል። ሊሳፈርባት ቀርቶ በዐይኑ እንኳን አይቷት የማያውቃትን መርከብ፣ ያውም የጦር መርከብ፣ ስለምን ይወድዳል? ይህን ጥያቄ ባልደረቦቼ እየሣቁ ያነሡብኛል። ሣቃቸው ይገባኛል። እኔ የመካነ ሰላም ልጅ ነኝ። የቦረና ደጋ ገብስና ስንዴ የሚዘራበት፣ በጎች የሚሰማሩበት፣ ብርዱ አጥንት የሚሰብር አገር ነው። በምዕራብ በኩል የአባይ ሸለቆ ይገድበዋል፤ በሰሜን ከሳይንት ባሻገር የበሽሎ ገደል አለ። ከዚህ ደጋ የሚወርደው ውኃ ሁሉ በአባይ በኩል አድርጎ ሜዲትራኒያን ይገባል እንጂ ወደ ቀይ ባሕር አንዲት ጠብታ አያደርስም። ከደሴ ምሥራቅ ያለውም ቢሆን በአዋሽ ተጉዞ አፋር በረሃ ውስጥ ሰርጎ ይቀራል። ወሎዬ ወደ ባሕር ሊሄድ ቢፈልግ ወንዙ እንኳን አይመራውም። «የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለው ተረት ለእኛ የተነገረ ይመስለኛል።

ይሁን እንጂ እወዳታለሁ። ስሟ «ኢትዮጵያ» ነበር። ከ1954 እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ በቀይ ባሕር ላይ ሰንደቃችንን ያውለበለበች፣ የባሕር ኃይላችን ትልቋ መርከብ እርሷ ነበረች። በዚህ ጽሑፍ ስለ እርሷ ጥቂት ልበል። ፍቅሬን ለአንባቢ ለማጋባት ብቻ አይደለም፤ ስለ ባሕር በር ብዙ በሚነገርበት በዚህ ዘመን የዚች መርከብ ሕይወትና አሟሟት ሊያስተምረን የሚችል ቁም ነገር አለው ብዬ ስለማምን ነው።

ባሕሩ ወደ ደጋው የወጣበት ጊዜ

የምዕራብ ወሎ ደጋ ባሕርን በወሬ ያውቀው ነበር። ኢየሩሳሌም የተሳለመው መነኩሴና መካ የደረሰው ሐጂ ቀይ ባሕርን በሸራ ጀልባ ተሻግረው የተመለሱ እንደ ሆነ የማዕበሉን ነገር ለአገሬው ያወሩለታል። በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይም የኖኅ መርከብ ተሥላ ትታያለች። የጦር መርከብ ሰው በአካል የታየው ግን በሚያዝያ 1860 ዓ.ም.፣ ከመካነ ሰላም በስተሰሜን በሚገኘው በመቅደላ ነው።

የዐፄ ቴዎድሮስን የመጨረሻ ቀናት ሁላችንም በልጅነታችን ተምረናል። ነገሩን ከባሕሩ በኩል የተመለከትነው ግን ጥቂቶች ነን። ጄኔራል ሮበርት ናፒየር የመራው የእንግሊዝ ጦር በዙላ የባሕር ሰርጥ ሲያርፍ ወደ 280 የሚጠጉ መርከቦች አጓጉዘውታል። ከእነዚህ ውስጥ 75 ያህሉ በእንፋሎት የሚሠሩ ሲሆኑ የቀሩት ከ200 በላይ የሚሆኑት በነፋስ ብቻ የሚጓዙ የሸራ መርከቦች ነበሩ። 13,000 የሚሆን ተዋጊ፣ ከዚያ እጥፍ የሚሆን ጓዝ ተሸካሚና አገልጋይ፣ ከ40,000 የማያንስ እንስሳ፣ በዚያም ውስጥ 44 ዝሆኖች፣ በእነዚህ መርከቦች ሆድ ውስጥ ተጭነው መጡ። በዙላ የሚጠጣ ውኃ ስላልነበረ የእንፋሎት መርከቦቹ የባሕሩን ጨዋማ ውኃ እያፈሉና እያቀዘቀዙ ሠራዊቱን ያጠጡት ነበር።

የዚህ የባሕር ኃይል አዛዥ ኮሞዶር ሊዎፖልድ ሂዝ ዓርማውን የሰቀለባት መርከብ «ኦክታቪያ» ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ1849 ስትሠራ በሸራ ብቻ የምትጓዝ፣ 50 መድፍ የተሸከመች ፍሪጌት ነበረች፤ ከዓመታት በኋላ የእንፋሎት ሞተር ተገጠመላት። የሸራው ዘመን አልቆ የእንፋሎቱ ዘመን በሚጀምርበት ድንበር ላይ የቆመች መርከብ ናት። ደቀሏና ሸራዋ ከእኛ ባሕር ዳርቻ ትይዩ ቆሞ ሳለ፣ ከዚያው የመርከብ ጓድ የተውጣጡ ባሕርተኞች 12 የሮኬት ማስወንጨፊያዎቻቸውን በበቅሎ ጭነው፣ «ድራያድ» በምትባለው መርከብ አዛዥ በካፒቴን ፌሎውስ እየተመሩ፣ ወደ 600 ኪሎ ሜትር የሚሆን ተራራና ገደል አቋርጠው በሽሎን ተሻገሩ። በስቅለት ዕለት፣ ሚያዝያ 3 ቀን፣ እሮጌ ሜዳ ላይ ፊታውራሪ ገብርዬ የመሩት ጦር ቁልቁል ሲንደረደር ከተቀበሉት መሣሪያዎች አንዱ ይኸው የባሕርተኞቹ ሮኬት ነበር። በዚያ ከሰዓት 700 ያህል ኢትዮጵያውያን ወደቁ፤ ገብርዬም ከእነርሱ መካከል ነበሩ። ከሦስት ቀን በኋላ ንጉሡ ራሳቸውን ሰዉ።

በዚያው አምባ ላይ አንድ ዐይን የሚገባ ነገር አለ። ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትና 7 ቶን ያህል የሚመዝነው ታላቅ መድፍ «ሴባስቶፖል» ይባላል። ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ መንገድ እየተጠረገለት፣ በሺህ በሚቆጠር ሰው ትከሻ እየተጎተተ የደረሰው በወራት ድካም ነው። ስሙ የተወሰደው እ.ኤ.አ. በ1854 እና 1855 በክራይሚያ ጦርነት ከተከበበችው የጥቁር ባሕር ወደብ ነው። ወደብ ያልነበራቸው የደጋ ንጉሥ የመድፋቸውን ስም ከአንድ የባሕር ኃይል ወደብ ወሰዱለት! እኔ ይህን ስም በሰማሁ ቁጥር ንጉሡ የዘመኑ ኃይል ከወዴት እንደሚመነጭ ጠንቅቀው የተረዱ ሰው እንደ ነበሩ ይሰማኛል።

መረዳት ብቻውን ግን አላዳናቸውም። ምጽዋን ኦቶማን ቱርክ እ.ኤ.አ. በ1557 ከያዛት ወዲህ በሩ ከእጃችን ወጥቶ ነበር፤ በቴዎድሮስ የመጨረሻ ዓመታት ደግሞ ግብፅ ተረክባዋለች። ከዚህ የባሰው ነገር ግን የየብሱ ነበር። የናፒየር ጦር ከዙላ ተነሥቶ መቅደላ ሥር እስኪደርስ ድረስ አንድም ትልቅ ውጊያ አልገጠመውም። የትግራዩ ደጃዝማች ካሳ መንገድ ለቀቁለት፤ ወሎም በንጉሡ ክንድ ክፉኛ ቆስሎ ስለ ነበር የሚቆምላቸው አላገኙም። መርከቦቹ ወታደሩን ዳርቻ ላይ አራገፉት፤ እስከ አምባው ያደረሰው ግን የእኛው መለያየት ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የሚያውቅ ሁሉ ልቡ ይደማል። የመቅደላ ቅርስ በዝሆንና በበቅሎ ተጭኖ ወደ ባሕሩ ወረደ፤ ልዑል ዓለማየሁም በሰባት ዓመቱ አብሮ ወረደ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ መንገድ ላይ ዐረፉ። ሕፃኑ በባዕድ መርከብ ተሳፍሮ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ1879 በ18 ዓመቱ በእንግሊዝ አገር አረፈ። ከመቅደላ ወርዶ መርከብ የተሳፈረው የደጋ ልጅ ታሪክ በእኔ አእምሮ የሚጀምረው በዚህ በምርኮ ነው።

የተዋስናት መርከብ

ከመቅደላ 94 ዓመታት በኋላ ሌላ ዓይነት መርከብ መጣች።

ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. መጀመሪያ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ስትተሳሰር አገሪቱ ሰፊ የባሕር ጠረፍ አገኘች። እ.ኤ.አ. በ1955 የንጉሠ ነገሥቱ ባሕር ኃይል ተመሠረተ፤ ዋና ሰፈሩም ምጽዋ ሆነ። ለማደራጀትና ለማሠልጠን ኖርዌያውያን መኮንኖች ተጋበዙ። ምርጫው በማስተዋል የተደረገ ይመስለኛል፤ ኖርዌይ በአፍሪካ ቅኝ ግዛት ያልነበራት፣ ባሕርን ግን እንደ እርሻዋ የምታውቅ አገር ናት። ከተለያዩ ክፍለ ሀገራት የተመለመሉ እጩ መኮንኖች ከአራት ዓመት በላይ የሚወስደውን ትምህርት ይማሩ ጀመር።

የሚማሩባት መርከብ ግን ያስፈልግ ነበር። በጥር 1954 ዓ.ም. ዩናይትድ ስቴትስ አንዲት መርከብ በውሰት ሰጠች። የቀድሞ ስሟ «ኦርካ» ነው፤ በአላስካ ከሚገኝ አንድ የባሕር ሰርጥ የተወሰደ ነው። በዋሽንግተን ግዛት ተሠርታ እ.ኤ.አ. በጥር 1944 አገልግሎት የጀመረች፣ በውኃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን የምትደግፍ፣ ነዳጅና ጥገና የምትሰጥ መርከብ ነበረች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊሊፒንስ ውኆች፣ በሌይቴና በሊንጋየን፣ ተሰልፋለች። ርዝመቷ 95 ሜትር፣ ሙሉ ጭነቷን ይዛ ክብደቷ 2,750 ቶን ያህል፣ ፍጥነቷም 18 ኖት ገደማ ነበር። በታላላቆቹ አገሮች ሚዛን ትንሽ መርከብ ናት። ለእኛ ግን ትልቋ እርሷ ነበረች፤ ስለዚህም ከስሞች ሁሉ ትልቁን፣ «ኢትዮጵያ»ን፣ ሰጠናት።

እርግጥ ነው፣ ሸራ አልነበራትም፤ በናፍጣ ሞተር የምትሄድ ነበረች። የባሕር ታሪክ ወዳጆች የሆኑ የውጭ ሰዎች ፍቅራቸውን የሚያፈስሱት ደቀላቸው ሰማይ በሚነካ የሸራ መርከቦች ላይ ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1805 በትራፋልጋር የተዋጋችውን «ቪክቶሪ»ን በፖርትስመዝ ጠብቀዋታል፤ አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1797 ውኃ የነካችውን «ኮንስቲትዩሽን»ን በቦስተን እያደሱ አቆይተዋታል። እኛ የምንወድዳት የሸራ መርከብ ትኑረን ብንል ወይ የባዕድ ወራሪ መርከብ ይገጥመናል፣ ወይ የሐጂዎቹ ጀልባ። ስለዚህ እኔ ፍቅሬን ያለንን በሆነችው ላይ አሳረፍሁ።

መርከቧ የተገኘችው በነጻ ቸርነት እንዳልነበረም ማስታወስ ይገባል። ዩናይትድ ስቴትስ እ.ኤ.አ. በ1953 በተፈረመ ስምምነት በአሥመራ የቃኘው ጣቢያን ትጠቀም ነበር፤ ወታደራዊ እርዳታውም የዚሁ መተሳሰር አካል ነው። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይባላል። ሆኖም የውሰቷ መርከብ ለሦስት አሥርት ዓመታት ገደማ የኢትዮጵያ ልጆች ትምህርት ቤት ሆና አገልግላለች። በየዓመቱ በምጽዋ በሚከበረው የባሕር ኃይል ቀን የአሜሪካ፣ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የሶቪየት የጦር መርከቦች ወደብ ላይ ጎን ለጎን ሲቆሙ፣ በቀዝቃዛው ጦርነት መካከል ባላንጣዎችን በአንድ ወደብ የምታስተናግደው አገር መርከብ «ኢትዮጵያ» ነበረች።

ስለምን እወዳታለሁ?

መልሴ አጭር ነው፤ ዓለማየሁ በምርኮ የወረደበትን መንገድ የደጋ ልጆች በፈቃዳቸው የወረዱባት መርከብ ናት። የገበሬ ልጅ ከበሬና ከሞፈር ተነሥቶ ኮከብ ቆጥሮ አቅጣጫ የሚያወጣ፣ የሞተር ድምፅ ሰምቶ ሕመሙን የሚያውቅ ባሕርተኛ ሆነባት። ከልዩ ልዩ አውራጃ የመጡ፣ በተለያየ ቋንቋ አፋቸውን የፈቱ፣ የተለያየ እምነት ያላቸው ወጣቶች በ95 ሜትር ብረት ውስጥ ተጠጋግተው ተኙባት። በመርከብ ላይ መኮረፍ እንጂ መሸሽ አይቻልም፤ ጎረቤትህን ብትጠላው እንኳን ፈረቃውን ተቀብለህ ትቆማለህ፤ እርሱ ሲነቃ አንተ ትተኛለህ። አገርም መሆን የነበረበት እንዲህ ነበር።

በአገሬ በኩል በባሕር ኃይል ያገለገሉ አንድ አረጋዊ አውቅ ነበር። ጡረታም ምስጋናም ሳያገኙ ተመልሰው እህል በመነገድ የኖሩ ሰው ናቸው። ስለ ውጊያ አያወሩም ነበር። የሚያወሩት ስለ ቀለም ነው። «ልጄ፣ መርከብ ማለት መፋቅና መቀባት ነው» ይሉኝ ነበር። «ጨው አያርፍም፤ ቀን ስትፍቀው ሌሊት ይመለሳል። እኛም አላረፍንም።» አንድ ቀን ድንገት ቀና ብለው «እርሷ ግን የት ደረሰች?» አሉኝ። እኔ በመጻሕፍት አንብቤ አውቅ ነበር። «ጋሼ፣ ሸጠዋታል» ከማለት በቀር አፌ አልታዘዘልኝም። ብረቷ ተቆራርጦ መሸጡን አልነገርኳቸውም። እርሳቸውም አልጠየቁም።

ይህን የጻፍኩት አንባቢን ለማስለቀስ አይደለም። መፋቅና መቀባት የሚለው ቃል ከብዙ የፖለቲካ ሳይንስ መጽሐፍ የሚበልጥ ትምህርት ስለሆነብኝ ነው። ተቋም የሚባለው ነገር ይኸው ነው። በአንድ ቀን አዋጅ ይመሠረታል፤ የሚኖረው ግን በየዕለቱ በሚፋቅ ዝገትና በየዕለቱ በሚቀባ ቀለም ነው።

ማዕበል ሳያገኛት

«ኢትዮጵያ» መጨረሻዋ እንዴት ሆነ? የጠላት መርከብ አላሰጠማትም፤ ማዕበልም አልዋጣት። ያጠፋት የየብስ ነገር ነው።

መጀመሪያ የጠፋው ፌዴሬሽኑ ነው። ጠረፉ የተገኘበት ውል በ1955 ዓ.ም. ሲፈርስ፣ መርከቧ ውኃችን ላይ ከገባች ገና ዓመት አልሞላትም ነበር። የኤርትራ ጦርነት ቀድሞ ተለኩሷል። የባሕር ኃይል ሰፈሩ የሚገኘው ጦርነቱ በሚነድባት ምድር ላይ ነው። ባሕር የሚጠብቁት መኮንኖች ፊታቸውን ወደ የመንና ወደ ሳዑዲ አድርገው ሳለ እሳቱ ከጀርባቸው መጣ።

ቀጥሎ የመጣው አብዮቱ ነው። ባሕር ኃይሉን ለረጅም ዓመታት የመሩት የንጉሠ ነገሥቱ የልጅ ልጅ ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ከተረሸኑት ሹማምንት መካከል ነበሩ። አባታቸውን ራስ ደስታ ዳምጠውን በየካቲት 1929 ዓ.ም. የገደላቸው የጣሊያን ፋሺስት ነው። ልጁን የገደለው የራሳቸው አገር መንግሥት ነው። ስለ ሥርዓቱ ማንም የፈለገውን ሊል ይችላል፤ ባሕር ኃይልን ያህል ገና ለጋ ተቋም ያሳደጉትን ሰው ያለ ችሎት መግደል ግን ከሰው ባሻገር ተቋሙንም መግደል ነው።

በ1968 ዓ.ም. ደግሞ አንድ የታሪክ ምፀት ሆነ። ውሰት የነበረችውን መርከብ አሜሪካ ለኢትዮጵያ ሸጠቻት፤ ሙሉ በሙሉ የእኛ ሆነች። በዓመቱ ሁለቱ መንግሥታት ተኳረፉ። መርከቧ የእኛ በሆነች ማግስት መለዋወጫዋን የሚያመርተው አገር ባላንጣ ሆነ። የሶቪየት መርከቦችና አማካሪዎች መጡ። በ1970 ዓ.ም. ምጽዋ በተከበበች ጊዜ ባሕር ኃይሉ ለውጭ ጠላት የተዘጋጀውን መድፉን በገዛ ወደቡ ዳርቻ ላይ ተኮሰ። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ሻዕቢያ ምጽዋን ሲይዝ ዋናው ሰፈር ጠፋ። በዚያ ውጊያ የሞቱት ወጣቶች፣ በዚህም በዚያም ወገን፣ የአንድ ምድር እናቶች ልጆች ነበሩ።

በግንቦት 1983 ዓ.ም. አሰብም ስትያዝ የቀሩት መርከቦች መልሕቃቸውን ነቅለው በየአቅጣጫው ተበተኑ። «ኢትዮጵያ» የመን ደረሰች። ልብ በሉ፤ በዚያው ወር አገሪቱ ራሷ ወዴት እንደምትሄድ አታውቅም ነበር፤ ስሟን የተሸከመችው መርከብ ደግሞ በሰው አገር ወደብ ውስጥ ታግዳ ቆማለች። «አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» ያሉት አባቶች ይህን ያዩ ይመስላሉ። ሁለት ዓመት ያህል ያለ ቀለምና ያለ ፍቀት ቆየች። ጨው ግን አላረፈም። ኤርትራ በሕዝበ ውሳኔ ነጻ አገር በሆነችበት በዚያው እ.ኤ.አ. 1993፣ «ኢትዮጵያ» ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ጅቡቲ የቆዩት ጥቂት መርከቦችም እ.ኤ.አ. በ1996 ለጨረታ ቀረቡ። ባሕር ኃይሉም በዚያው አበቃ።

አንዲት ደወል፣ አንዲት መልሕቅ፣ ስሟ የተጻፈባት አንዲት ሰሌዳ እንኳን በአገር ቤት ሙዚየም ቆማ የተማሪ ትውልድ ቢያያት ምን ነበረበት? መንግሥታት ሲለዋወጡ የቀደመውን ሁሉ እንደ ጠላት ምርኮ መቁጠር ልማዳችን ሆነና ቅርሱንም አብረን ሸጥነው። በመቅደላ የተዘረፈብንን ለማስመለስ ከመቶ ዓመት በላይ ስንጮህ ኖረናል፤ ይህም ተገቢ ነው። በገዛ እጃችን ያጠፋነውን ግን ማን ይመልስልናል?

የንግድ መርከቦቹ ምስክርነት

ከዚህ ታሪክ ጎን ለጎን የሚሄድ ሌላ ታሪክ አለ። ብዙ ሰው አያስተውለውም። እ.ኤ.አ. በ1964 የኢትዮጵያ የንግድ መርከብ ድርጅት ተቋቋመ። ጦርነቱ፣ አብዮቱ፣ የመንግሥት ለውጡ፣ የጠረፉ ማጣት ሁሉ እርሱንም አገኙት። የጦር መርከቦቹ ሲበተኑ ግን የንግድ መርከቦቹ ሥራቸውን ቀጠሉ። እ.ኤ.አ. በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣና አሰብ ሲዘጋ ወደ ጅቡቲ ዞሩ። ድርጅቱ ስሙንና አደረጃጀቱን ቢለውጥም ዛሬም የኢትዮጵያ ሰንደቅ በውቅያኖስ ላይ ይውለበለባል። ቢሾፍቱ አጠገብ ባቦጋያ ሐይቅ ዳር ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ጋር የተያያዘ የማሪታይም ማሠልጠኛም ተከፍቶ፣ የደጋ ልጆች የመርከብ ምሕንድስና ተምረው በዓለም መርከቦች ላይ ይሠራሉ።

ጠረፍ የሌለው አገር ሰንደቁን በባሕር ላይ እንዲያውለበልብ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1921 ባርሴሎና ላይ የወጣው ዓለም አቀፍ ድንጋጌ ነው። የንግድ መርከቦቹን ያኖራቸው ሕግና ውል፣ የሒሳብ መዝገብና የዕለት ሥራ ነው። የጦር መርከቧን የገደላት ደግሞ ጦርነት ነው። ሁለቱም አንድ ዓይነት ባሕር ላይ ነበሩ፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ሰንደቅ ነበራቸው። ልዩነቱ ከጀርባቸው ምን እንደ ነበር ነው።

ይህን የምለው የባሕር በር ጥያቄን ለማናናቅ አይደለም። ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያለው፣ ከ90 በመቶ የሚበልጠው የወጪና ገቢ ንግዱ በአንድ ጎረቤት ወደብ የሚተላለፍ አገር መጨነቁ ተገቢ ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2018 ባሕር ኃይልን እንደገና የማቋቋም ሐሳቡን ይፋ ሲያደርግና በማግስቱ ዓመት ከፈረንሳይ ጋር ስምምነት ሲፈራረም እኔም እንደ ብዙው ሰው ልቤ ሞቋል። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ከሶማሌላንድ ጋር የተፈረመው የመግባቢያ ሰነድ ያስነሣውን ውዝግብ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻም በአንካራ ከሶማሊያ ጋር የተደረሰበትን መግባባት ተከታትያለሁ። ሕዝባችን ባሕርን መናፈቁ እውነተኛ ናፍቆት ነው። እኔ ራሴ የዚህ ናፍቆት ምርኮኛ ነኝ።

ነገር ግን ናፍቆት ክፉ መካሪ ነው። ባሕርን እንደ ጠፋ ርስት ብቻ የሚያይ ሰው ወዲያው የሚያስበው ማስመለስን ነው፤ ማስመለስን ያሰበም ጦር መስበቅን ያስባል። የ«ኢትዮጵያ» ታሪክ የሚነግረን ግን ሌላ ነው። ጠረፍም፣ ወደብም፣ መርከብም፣ የሠለጠነ ባሕርተኛም በነበረን ጊዜ ሁሉንም አጥተናል። ያጣነው የመርከብ ብዛት ስላነሰን አልነበረም። ከጠረፉ ሕዝብ ጋር የገባነውን ውል ስላፈረስን፣ የሠሩትን ሰዎች ያለ ፍርድ ስለገደልን፣ መድፋችንን ወደ ራሳችን ስላዞርን ነው። በመቅደላም እንዲሁ ነበር። የሴባስቶፖል ክብደት አላነሰም፤ ከመድፉ ጀርባ ሊቆም የሚገባው አገር ግን ተኳርፎ ነበር።

ዛሬ ይህን ስጽፍ የአማራ ክልል፣ የወሎ ደጋዎቻችንም ጭምር፣ ከጥይት ድምፅ ያላረፉባቸውን ዓመታት እያሰብኩ ነው። በ2014 ዓ.ም. ደሴ ከእጅ ወደ እጅ ስትለዋወጥ ያየን ሰዎች ነን። በየብስ ላይ ጎረቤት ከጎረቤቱ ፈረቃ መቀባበል ባልቻለበት አገር፣ ውኃ ላይ የምትቆም መርከብ ብንገዛ ማን ይፍቃታል? ማንስ ይቀባታል? ብናገኛት እንኳን ቀጣዩ ግንቦት ወዴት ያሰድዳታል?

የባሕር ኃይል ሊኖረን ይገባል የሚሉ ወገኖች መርከብ ከመቁጠራቸው በፊት ሦስት ነገር ቢቆጥሩ እወዳለሁ። ስንት ጎረቤት በፈቃዱ ያምነናል? መንግሥት ቢለወጥም የማይፈርስ ስንት ተቋም አለን? ጡረታውና ክብሩ ተጠብቆለት ወደ ቤቱ የተመለሰ ስንት አገልጋይ አለን? እነዚህ ሦስቱ ከሌሉ የሚገዛው መርከብ ሁሉ ገና ከመነሻው የተዋስነው ነው፤ ባለቤቱ ደግሞ ቀጣዩ ጦርነት ነው።

የትውልድ ከተማዬ ስም መካነ ሰላም ነው፤ የሰላም ስፍራ ማለት ነው። ከባሕር እጅግ የራቀች፣ ደመና የሚያርፍባት የደጋ ከተማ ናት። እኔ ግን ለማንኛዋም መርከብ የመጀመሪያ ወደቧ እንዲህ ያለ ስፍራ ነው ብዬ አምናለሁ። ወደፊት ሰንደቃችንን ይዛ ወደ ባሕር የምትወጣ መርከብ ትኖረን ዘንድ እመኛለሁ፤ ስሟም እንደ ቀድሞዋ «ኢትዮጵያ» ቢባል ደስ ይለኛል። ያን ጊዜ ግን መልሕቋ የሚተከለው ደጋው ላይ ይሁን።

ቸር እንሰንብት።